ካሴቱን ከማስገባትዎ በፊት ጎማውን ይዩ

በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር በካርቶን የታጨቁ ካሴቶች አሉ። ከሙዚቃ ቤት የተገዙት ዘፈኖች ዛሬ በስልክም ሊገኙ ይችላሉ። የአያት ምርቃት፣ በሠርግ ዕለት የተቀዳ ጭፈራ፣ የአጥቢያ ቄስ ስብከት፣ በመውሊድ የተቀዳ መንዙማ፣ አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ላለ ልጅ በደብዳቤ ፈንታ የተላከ የእናት ድምፅ ግን ሌላ ቅጂ የላቸውም። ያ ካሴት ከጠፋ ድምፁም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ካሴት የተገኘ ዕለት ሰው ሁሉ ይቸኩላል። አሮጌው ቴፕ ከተቀመጠበት ይወርዳል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ሶኬቱ ይሰካል፣ ካሴቱ ገብቶ ፕሌይ ይጫናል። መብራቱ ስለበራና ሞተሩ ስለዞረ ቴፑ ደህና ይመስላል። በውስጡ ያሉት ጎማዎች ግን 20 እና 30 ዓመት ማንም ሳይነካቸው ተቀምጠዋል። ድምፅ የሚጎተተው፣ ክር የሚጨማደደው፣ ቴፕ ካሴት የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ጎማዎች በመቆሸሻቸው ወይም በማርጀታቸው ነው። ደግነቱ ጽዳቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ጥንቃቄ ያለው ሰው ሁሉ ቤቱ ሆኖ ሊሠራው ይችላል።

ጎማዎቹ ምን ይሠራሉ?

የዛሬውን ካሴት ለዓለም ያስተዋወቀው ፊሊፕስ ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. በርሊን በተካሄደ የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ። ከዚያ ወዲህ የትም ይመረት የት፣ የካሴት ክር የሚሄድበት ፍጥነት አንድ ነው፤ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር። በደቂቃ 2.86 ሜትር ያህል ማለት ነው። የ90 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ እስኪያልቅ ከ128 ሜትር የሚበልጥ ክር ያልፋል። ይህን ሁሉ ክር ሳያፈጥኑና ሳያዘገዩ የማሳለፍ ኃላፊነት የተጣለው በሦስት ዓይነት ጎማዎች ላይ ነው።

የመጀመሪያዋ ፒንች ሮለር የምትባለው ናት፤ እኛ ተጫኝ ጎማ እንበላት። የካሴቱን በር ሲከፍቱ ድምፁን ከክሩ ከሚያነብበው ሄድ ጎን የምትታየው ትንሽ ጥቁር ጎማ ናት። አጠገቧ ካፕስታን የሚባል፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን የብረት ዘንግ አለ። ፕሌይ ሲጫን ጎማዋ ክሩን ከዘንጉ ጋር አጣብቃ ትይዛለች፣ ዘንጉ እየዞረ ክሩን ይስባል። የክሩን ፍጥነት የሚወስነው የእነዚህ የሁለቱ አያያዝ ነው።

ሁለተኛው ቤልት ነው። የሞተሩን ዙር ወደ ዘንጉና ክሩ ወደሚጠቀለልባቸው ጥንጥኖች የሚያደርስ ቀጭን የጎማ ቀለበት ሲሆን፣ የሚገኘው ከኋላ፣ ክዳኑ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ቴፕ አንድ ቤልት ብቻ ሲኖረው ሌላው ሁለትና ሦስት አለው።

ሦስተኛዋ አይድለር የምትባለው፣ ጥንጥኖቹን የምታዞር ትንሽ መንኮራኩር ናት፤ ዙሪያዋ በቀጭን ጎማ ተጠምጥሟል። በዘንጉ በኩል ያለፈውን ክር ተቀብሎ የሚጠቀልለው ጥንጥን በእሷ ኃይል ይዞራል። እሷ ስትደክም ዘንጉ ክሩን መግፋቱን ሲቀጥል ተቀባይ ግን ያጣል። መሄጃ ያጣው ክር ወደ ተጫኟ ጎማ ዞሮ ይጠመጠማል። በተለምዶ «ቴፑ ካሴት በላ» የሚባለው ይህ ነው።

ጎማ ለምን ያረጃል?

ተፈጥሯዊ ጎማ ብቻውን ሙቀት ሲነካው የሚለጠፍ፣ ብርድ ሲያገኘው የሚደርቅ ነገር ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 እ.ኤ.አ. ጎማን ከድኝ ጋር አዋህዶ ማሞቅ ጽኑና ተለጣጭ እንደሚያደርገው ደረሰበት። ድኙ ረጃጅም የጎማ ሰንሰለቶችን እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። የኋላ ዘመን ሰው ሠራሽ ጎማዎችም ከሞላ ጎደል በዚሁ መርሕ የቆሙ ናቸው።

ይህ ትስስር ግን ዘላለማዊ አይደለም። በአየር ውስጥ ያሉት ኦክስጅንና ኦዞን፣ ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ ይለውጡታል። አንዱ ጎማ ትስስሩ እየበዛ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፤ ሌላው ሰንሰለቱ እየተቆራረጠ ይለሰልሳል። ከፖሊዩሬቴን የተሠሩ አንዳንድ ቤልቶች ደግሞ እርጥበት ሲያገኙ እንደ ሬንጅ ቀልጠው ይለጠፋሉ። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ሙቀትና እርጥበት የኖረ ቴፕ በደረቅ ደጋ ከኖረው ቀድሞ ቢበላሽ አያስገርምም። ቴፑ ሥራ ላይ ባይውልም ጎማው ማርጀቱን አይተውም።

በዚህ ላይ ቆሻሻው አለ። የካሴት ክር ቡናማ ገጹ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ የተቀባበት ነው። ክሩ ባለፈ ቁጥር ከብናኙ ጥቂት እየተራገፈ ተጫኟ ጎማ ላይ ይጋገራል። በጎማዋ መካከል የሚታየው ቡናማ ቀለበት እሱ ነው። የጣት ቅባት፣ የወጥ ቤት ጭስና አቧራ ሲጨመሩበት የጎማው ገጽ መስተዋት ይመስል ያብለጨልጫል፤ ያንሸራትታል። አጥብቃ መያዝ የነበረባት ጎማ ክሩን ማዳለጥ ትጀምራለች።

ከድምፁ ምን ይረዳሉ?

ክዳን ከመክፈት በፊት ማዳመጥ ብዙ ይነግራል። ለዚህ ሙከራ የማይሳሱለትን፣ ቢበላሽም የማይጎዳዎትን ካሴት ይጠቀሙ። ረዘም ብሎ የሚዜም ድምፅ ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ዋሽንት፣ ማሲንቆ ወይም ኦርጋን ትንሹን መዋዠቅ ሳይደብቁ ያሰማሉ።

ድምፁ በፍጥነት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የብረት ዘንጉ ነው። ዘንጉ ቀጭን ስለሆነ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ተኩል ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ቆሻሻ ከተጋገረበት በየዙሩ ክሩን ያደናቅፋል። ድምፁ ቀስ እያለ፣ በሰከንድ አንዴ ወይም አንዴ ተኩል ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ተጫኟ ጎማ ትጠረጠራለች፤ ስፋቷ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነች ጎማ የምትዞረው በዚሁ ልክ ነው። ፍጥነቱ ለረጅም ጊዜ ሲጎተት ቆይቶ የሚመለስ፣ ወይም ዘፈኑ ከነጭራሹ ወርዶ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ቤልቱ ላልቷል። ፍጥነት በመቶ 6 ያህል ሲቀንስ መላው ዜማ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። የሚያውቁት ዘፋኝ ድምፁ ጎርንኖ ከሰሙ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ፕሌይ ላይ ደህና ሆኖ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲያጠነጥን የሚደክም ቴፕ አይድለሩ አርጅቷል ወይም ቤልቱ ያንሸራትታል። ሞተሩ ሲዞር እየተሰማ ምንም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ቤልቱ ተበጥሷል ወይም ቀልጧል ብለው ይገምቱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ብናኝ የማይለቅ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ አልኮል፣ ትንንሽ ካቻቢቴዎች፣ ወረንጦና የእጅ ጓንት ያዘጋጁ። ከአልኮል የሚመረጠው በመቶ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው አይሶፕሮፒል ነው። እሱ ካልተገኘ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው በመቶ 70 አልኮልም ለብረቱ ይሠራል፤ ውኃ ስላለበት ግን ለመድረቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይስጡት።

ቤንዚን፣ ናፍታ፣ ቲነርና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወደ ቴፕ አይቅረቡ። ጎማ ያሳብጣሉ፣ ፕላስቲክ ያቀልጣሉ። ሽቶም አልኮል አለው ተብሎ አይሞከር፤ ሲደርቅ ቅባት ይተዋል። የእጅ ሳኒታይዘርም ቆዳ የሚያለሰልስ ግሊሰሪን ስላለበት እንደዚያው ነው። የማሽን ዘይትና ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ጎማ ላይ አንድ ጠብታ ቢያርፍ እንኳ ጎማው መያዙን ይተዋል። ያረጀ ጎማ የሚያለሰልሱ ተብለው የሚሸጡ ኬሚካሎችም የሚሰጡት መፍትሔ ጊዜያዊ ነው፤ ዕድሜ አይመልሱም።

አጸዳዱ

መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ባትሪውንም ያውጡ። የቆየ ባትሪ ፈሶ ከሆነ ቦታውን በጓንት ያጽዱ። መብራት እያለ ክዳን አይከፈትም።

ከተጫኟ ጎማ ይጀምሩ። የጆሮ ማጽጃውን ጥጥ ለብ ባለው የሳሙና ውኃ ነክረው በደንብ ይጭመቁት፤ ጥጡ መራስ እንጂ መንጠባጠብ የለበትም። ጎማዋን በአንድ ጣት ቀስ እያሉ እያዞሩ ዙሪያዋን ይጥረጉ። ቡናማው በጥጡ ላይ ይወጣል። ጥጡን እየቀያየሩ ንጹሕ እስኪሆን ይቀጥሉ። በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጥጥ ሳሙናውን ያስለቅቁ፣ በደረቁ ያድርቁ።

ጎማን በአልኮል ማጽዳት ይቻላል ወይ የሚለው ባለሙያዎችን ያከራክራል። አልኮል በተደጋጋሚ ሲነካው ጎማን ያደርቃል የሚሉ አሉ፤ አንዳንድ አምራቾች ደግሞ በመመሪያቸው ይፈቅዱታል። እኔ የምመክረው የሳሙና ውኃን ለዘወትር ጽዳት መጠቀም፣ አልኮልን በሳሙና አልለቅ ላለ ቆሻሻ ብቻ፣ በጥቂቱና ፈጠን ብሎ መጠቀም ነው።

ቀጥሎ ዘንጉን፣ የክር መምሪያዎቹንና ሄዱን በአልኮል ያጽዱ። እነዚህ ብረት ስለሆኑ አልኮል አይጎዳቸውም። ሄዱን ለማጽዳት ጥጡ እንጂ ብረት፣ ምላጭ ወይም ጥፍር አይነካውም፤ ትንሽ ጭረት ክሩን ዕድሜ ልኩን ይፍቀዋል። ካጸዱ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል በሩን ከፍተው ያናፍሱት። እርጥብ ጎማ ላይ ክር ይጣበቃል።

ጎማዋ ከጸዳች በኋላ ደኅንነቷን ይመርምሩ። በጥፍር ጫፍ ቀስ ብለው ሲጫኗት ትንሽ ገብታ ወዲያው የምትመለስ ከሆነ ደህና ናት። እንደ ድንጋይ ከጠነከረች፣ ከተሰነጠቀች፣ አንድ ጎኗ ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ከሆነ ጽዳት አያድናትም፤ መቀየር ነው። ተጫኝ ጎማን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ የሚመክሩ አሉ፤ አያድርጉት። ክቡ በትንሹ እንኳ ከተዛባ ክሩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሸሻል፣ ጠርዙም ይታጠፋል።

የአይድለሯ ጎማ ግን ክሩን ስለማትነካ ይህን ያህል አታስጨንቅም። በሳሙና ውኃ ታጥባና ደርቃ አሁንም የምታንሸራትት ከሆነ በቀጭን፣ ባለ 400 ወይም ባለ 600 ብርጭቆ ወረቀት የሚያብለጨልጨውን ገጽ ብቻ በስሱ መሞረድ ይቻላል። ጎማዋ የምትወልቅ ከሆነ ገልብጦ ያልተነካውን የውስጥ ገጽ ወደ ውጭ ማድረግም ለጊዜው ይጠቅማል። ዘላቂው መፍትሔ ግን አዲስ ነው።

ወደ ቤልቱ ሲደርሱ

የኋላውን ክዳን ከመፍታትዎ በፊት ስልክዎን አጠገብዎ ያድርጉ። በእያንዳንዱ ደረጃ ፎቶ ያንሱ፤ በተለይ ቤልቱ በየትኛው መዘውር ዙሪያ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያልፍ። ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ቅደም ተከተል በትንንሽ ዕቃ ይለዩ፤ ርዝመታቸው ይለያያል። ወደ ስፒከሩ የሚሄዱት ሽቦዎች አጭር ስለሆኑ ክዳኑን በኃይል አይጎትቱ።

ቤልቱ አሁንም ተለጣጭ ሆኖ ቅባት ብቻ የያዘ ከሆነ በወረንጦ ያውጡት፣ በሳሙና ውኃ ይጠቡት፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ያድርቁት። ቤልቱ የሚያልፍባቸውን መዘውሮችም በአልኮል ይጥረጉ። ከወጣ በኋላም የመዘውሮቹን ቅርጽ ይዞ የሚቀር፣ ሲለጥጡት የማይመለስ ወይም ሲያጥፉት ስንጥቅ የሚያሳይ ከሆነ ግን ዘመኑ አልፏል። ቤልትን በፈላ ውኃ ነክሮ ማሳጠር በጥገና ቤቶች የታወቀ ዘዴ ነው፤ የሚሠራው ለጥቂት ጊዜ ስለሆነ ብርቅ ካሴት አይታመንበትም።

የቀለጠ ቤልት ካገኙ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ጓንት ያድርጉ፤ ጥቁሩ ቅላጭ ከልብስም ከቆዳም በቀላሉ አይለቅም። ትልልቁን በወረንጦ ያንሱ፣ የቀረውን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ከመዘውሮቹ ጉድጓድ ሁሉ ያስወግዱ። ትንሽ ከተረፈ በአዲሱ ቤልት ላይ ይለጠፍና ፍጥነቱን ያዛባዋል።

አዲስ ቤልት ሲገዙ ሦስት ነገር ያስተያዩ፤ ቅርጹን፣ ውፍረቱንና የዙሪያውን ርዝመት። የቅርጽ ነገር ሲሆን አራት ማዕዘን ለአራት ማዕዘን፣ ጠፍጣፋ ለጠፍጣፋ ነው። አሮጌው ተለጥጦ ስለሚሆን አዲሱ ከእሱ በመቶ 5 ያህል ቢያጥር ይመረጣል። አሮጌው ቀልጦ ከሆነ በመንገዱ ላይ ክር አዙረው ይለኩና ከተገኘው ላይ ያንኑ ያህል ይቀንሱ። በጣም የጠበበ ቤልት የሞተሩን ዘንግ ይጎትታል፤ በጣም የሰፋ ደግሞ ያንሸራትታል። የብር ማሰሪያ ላስቲክ በቤልት ቦታ አይገባም፤ ውፍረቱ አንድ ወጥ ስላልሆነ ድምፁን በየዙሩ ያዋዥቀዋል።

ቪዲዮና ባለ ትልቅ ጥንጥን ቴፕ

የሠርግ ቪዲዮ የተቀዳበት የቪኤችኤስ ካሴት ማጫወቻም ተጫኝ ጎማና ቤልት አለው፤ ጽዳቱም ተመሳሳይ ነው። አንድ ከባድ ልዩነት አለ፤ በመካከሉ የሚሽከረከረው የብረት ከበሮ ላይ ያሉት ሄዶች እጅግ ስስ ናቸው። ከበሮውን በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ወደ ላይና ወደ ታች የፈተገ ሰው ሊሰብራቸው ይችላል፤ ያንን ለባለሙያ ይተዉት። የሬዲዮ ጣቢያዎች ይጠቀሙባቸው የነበሩት ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ክር ትልልቅ ቴፖችም ተጫኝ ጎማቸው ትልቅ ከመሆኑ በቀር መርሐቸው ይኸው ነው።

ብርቁን ካሴት ለማጫወት

ጽዳቱ ሲያበቃ በማይሳሱለት ካሴት ግማሽ ሰዓት ያህል ይሞክሩ። ወደ ኋላም ወደ ፊትም ያጠንጥኑት። ክሩ ጠርዙ ካልታጠፈ፣ ካልተጨማደደና ድምፁ ከረጋ ቴፑ ተፈትኖ አልፏል። ፍጥነቱን ለማረጋገጥ የታወቀ ዘፈን ያለበትን ካሴት ዛሬ በስልክ ከሚገኘው ቅጂ ጋር ጎን ለጎን ያዳምጡ።

የሚሳሱለት ካሴትም ራሱ ይታይ። ነጭ ሻጋታ የታየበትን አያጫውቱ። ክሩን በሄዱ ላይ የሚያስደግፈው ትንሽ ፈልት ከቦታው መኖሩን ይመልከቱ። ለዓመታት የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ሊጣበቅ ስለሚችል በእስክርቢቶ ቀስ ብለው ጥቂት ዙር ያላሉት። ባለ 120 ደቂቃ ካሴት ክሩ 9 ማይክሮን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እንኳ ስለማይሞላ፣ በፈጣን ማጠንጠኛ አያስጨንቁት።

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጫውቱት አብረው ወደ ኮምፒውተር ይቅዱት። ያረጀ ክር ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል። የተቀዳውን ከአንድ ቦታ በላይ ያስቀምጡ፣ ለወንድም ለእህትም ያካፍሉ፤ ዋናውን ካሴትም አይጣሉት።

ቴፑ ሥራውን ሲጨርስ ፕሌይ ወይም ፖዝ ላይ ተጭኖ አይደር። ተጫኟ ጎማ በዘንጉ ላይ እንደተጣበቀች ከከረመች ጎኗ ይጎደጉዳል። ባትሪውን ያውጡ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ያርቁት፣ በጨርቅ ይሸፍኑት። በየጊዜው የሚያጫውቱ ከሆነ ተጫኟን ጎማና ዘንጉን በየ10 ሰዓቱ ጨዋታ መጥረግ በቂ ነው።

በቤታችሁ ካሴት ያላችሁ ሁሉ አደራ። ወላጆቻችሁና አያቶቻችሁ የማን ድምፅ እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተቀዳ ሊነግሯችሁ በሚችሉበት በአሁኑ ጊዜ ካርቶኑን አውርዱ። ቴፑን አጽዱ፣ ካሴቱን አብራችሁ አዳምጡ፣ የሚሉትንም በካሴቱ ልባስ ላይ ጻፉ።